የራግቢ ሊግ አስተዳዳሪ ሥራ፦ የዴቪድ ጋሎፕ አስር ዓመታት፣ የደመወዝ ጣሪያና የነጥብ ቅነሳ

ባለ13

ሰላም ለሁላችሁ። በሌላው ክር ላይ ሰላማዊት «የአንድ ሊግ ዋና ሥራ አስፈፃሚ ቀኑን ሙሉ ምን ሲሠራ ይውላል?» ብላ ጠይቃ ነበር፤ ጥያቄዋ በእግር ኳስ ክርክር ተውጦ ቀረ። ስለዚህ ለብቻው ክር ከፍቼለታለሁ። ምሳሌ ያደረግሁት አውስትራሊያዊውን ዴቪድ ጋሎፕን ነው። ከ2002 እስከ 2012 የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ክለቦች የሚወዳደሩበትን ናሽናል ራግቢ ሊግ፣ በአጭሩ ኤን.አር.ኤል.ን፣ መርቷል። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው፤ ገንዘቡም የአውስትራሊያ ዶላር።

ለማያውቁት ባጭሩ፦ ራግቢ ሊግና ራግቢ ዩኒየን ሁለት የተለያዩ ጨዋታዎች ናቸው። ኦገስት 29 ቀን 1895 የሰሜን እንግሊዝ ክለቦች ሃደርስፊልድ ውስጥ ጆርጅ ሆቴል ተሰብስበው ከዩኒየኑ ተገነጠሉ። የጠቡ መነሻ ክፍያ ነበር። ቅዳሜ ከማዕድን ጉድጓድና ከፋብሪካ ቀርቶ ለሚጫወት ሠራተኛ የቀረበት የቀን ደመወዝ ይተካለት አሉ፤ የዩኒየኑ ሹማምንት እምቢ አሉ። በ1906 የአንድ ቡድን ተጫዋቾች ከ15 ወደ 13 ወረዱ። «ለተጫዋች ስንት ይከፈል? ከየት? ማን ይቆጣጠረው?» የሚለው ጥያቄ ከስፖርቱ ጋር አብሮ የተወለደ ነው ማለት ይቻላል፤ የጋሎፕ ሙያ በሙሉም የሚሽከረከረው በዚሁ ዙሪያ ነው።

ጋሎፕ ወደ ስፖርቱ የገባው በጠበቃነት ነው። በ1995 የሩፐርት መርዶክ ኩባንያ ኒውስ ሊሚትድ «ሱፐር ሊግ» የሚባል ተቀናቃኝ ውድድር ሲያቋቁም የሕግ ጉዳዮቹን ከያዙት አንዱ እሱ ነበር። የነባሩ ሊግና የሱፐር ሊግ «ጦርነት» በእርቅ ሲያበቃ ወደ አዲሱ ኤን.አር.ኤል. ተሻገረና የሕግና የንግድ ጉዳዮች ኃላፊ ሆነ። በ2002 መጀመሪያ ላይ ዴቪድ ሞፌትን ተክቶ ዋናውን ወንበር ያዘ። ገና ዓመት ሳይሞላው የገጠመው ነገር ነው ስሙን ያስጠራው፤ ወደዚያ እንመጣለን።

ሰላማዊት_ሲ

አመሰግናለሁ ባለ13። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። በጦርነቱ የአንደኛው ወገን ጠበቃ የነበረን ሰው ሌላኛው ወገን እንዴት አምኖ አለቃ አደረገው? ደግሞስ «ጦርነት» የምትሉት ምን ያህል ከባድ ቢሆን ነው?

ውል_አዋቂ

ከባድ ነበር። ቅደም ተከተሉን ካላወቅን የጋሎፕ ወንበር ለምን እንደዚያ የተሠራ እንደሆነ አይገባንም።

ከ1983 ጀምሮ ነባሩን የሲድኒ ውድድር (የኋላውን ኤን.አር.ኤል. መሠረት) የመሩት ኬን አርተርሰን በሊቀመንበርነት፣ ጆን ኳይል በሥራ አስኪያጅነት ነበሩ። ሁለቱም የቀድሞ ተጫዋቾች ናቸው። በ1988 ብሪዝበንን፣ ኒውካስልንና ጎልድ ኮስትን አስገቡ፤ በ1990 የደመወዝ ጣሪያ (ክለብ ለተጫዋቾቹ በድምሩ የሚከፍለውን የሚገድብ ደንብ) ጀመሩ፤ በ1995 ደግሞ ኦክላንድን፣ ታውንስቪልን፣ ፐርዝን እና ሁለተኛ የብሪዝበን ክለብ ጨምረው ውድድሩን 20 ክለብ አደረሱት። የስፖርቱ ዋጋ እንዲህ ሲንር የክፍያ ቴሌቪዥን መጣ፤ ኒውስ ሊሚትድም መብቱን ፈለገ። በ1995 ማርች መጨረሻና ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ተጫዋቾችና አሠልጣኞች በየሆቴሉ እየተጠሩ ከፍተኛ ገንዘብ ቀርቦላቸው ለሱፐር ሊግ ፈረሙ። ነባሩ ወገንም በአፀፋው የራሱን ታማኞች በገንዘብ አሰረ። በአንድ ሌሊት የተጫዋች ዋጋ እጥፍ ድርብ ሆነ።

ከዚያ ወደ ፍርድ ቤት። ፌብሩዋሪ 1996 ዳኛ በርቼት ክለቦቹ የፈረሙትን የታማኝነት ውል አጸኑና ሱፐር ሊግ ታገደ። ኦክቶበር 1996 ይግባኝ ሰሚው ችሎት ገለበጠው። ምክንያቱ የንግድ ውድድር ሕግ ነበር፦ ክለቦች እርስ በርስ ተስማምተው ሌላ አደራጅ እንዳይገባ በር መዝጋታቸው ሕጉን ይጥሳል ተባለ። ኳይል በዚያው ዓመት ለቀቁ፤ አርተርሰንም ብዙ ሳይቆዩ ተከተሉ። በ1997 ሁለት ውድድር ተካሄደ፣ አንዱ በ12 ክለብ፣ ሌላው በ10። ተመልካች ተከፋፈለ፤ ሁለቱም ወገን ገንዘብ አቃጠለ። በዓመቱ መጨረሻ ታረቁ፤ ኤን.አር.ኤል. በ1998 ተጀመረ፤ ባለቤትነቱም ግማሹ የኒውስ ሊሚትድ፣ ግማሹ የነባሩ የአውስትራሊያ ራግቢ ሊግ ሆነ።

ለጥያቄሽ መልሱ እዚህ ላይ ነው። ባለቤቱ ሁለት ሲሆንና ድምፃቸው እኩል ሲሆን የሚመረጠው አለቃ የሁለቱንም ውሎች አንቀጽ በአንቀጽ የሚያውቅ ሰው ነው። ጋሎፕ የእርቁን ሰነዶች ያውቃቸዋል፤ ጠባዩም ረጋ ያለ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ነው። የሚወደድ ሰው ነበር ማለቴ አይደለም፤ በ2002 ብዙ ደጋፊ «የኒውስ ሰው» ብሎ ነበር የሚጠራው።

ባለ13

በእርቁ ውስጥ የነበረችውንም መራራ አንቀጽ እንጨምርበት። 20 የነበሩት ክለቦች በ2000 ወደ 14 መውረድ ነበረባቸው። ፐርዝ፣ አደሌድ፣ ጎልድ ኮስት ተዘጉ። ሴንት ጆርጅ ከኢላዋራ ጋር፣ ባልሜይን ከዌስተርን ሰበርብስ ጋር፣ ማንሊ ከኖርዝ ሲድኒ ጋር ተዋሐዱ፤ የመጨረሻው ውሕደት ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ። ከ1908 ጀምሮ የነበረው ሳውዝ ሲድኒ አልዋሐድም ብሎ በ1999 መጨረሻ ተባረረ። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በሲድኒ ጎዳና ተሰለፈለት። ጁላይ 2001 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሁለት ለአንድ በሆነ ድምፅ ለክለቡ ፈረደ፤ ሳውዝም በ2002 ተመለሰ።

ልብ በሉ፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2003 ፍርዱን ገልብጦ ለኒውስ ፈረደ። ኤን.አር.ኤል. በሕግ አሸናፊ ሆኖ ሳለ ሳውዝን መልሶ አላስወጣውም። ክርክሩን ያሸነፈ ሊግ ደጋፊውን እንደገና ማባረር እንደማያዋጣው ተረድቷል። ከጋሎፕ ዘመን ውሳኔዎች ይሄኛው በጣም የተመሰገነ ባይሆንም ለእኔ ከምርጦቹ አንዱ ነው።

የኦዲት_ጠረጴዛ

ወደ ደመወዝ ጣሪያው ልግባ፤ ብዙ ሰው በጥቅሉ ያወራዋል እንጂ እንዴት እንደሚሠራ አያየውም።

ጣሪያው የሚጣለው በክለቡ ጠቅላላ ክፍያ ላይ ነው። በአንድ ተጫዋች ላይ አይደለም። በ2010 መጠኑ 4.1 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ የሚቆጠሩት ደግሞ የክለቡ ከፍተኛ ተከፋይ 25 ተጫዋቾች። እኩል ቢካፈል ለአንዱ 164,000 ይደርሰዋል። ክለቡ ለኮከቡ 500,000 መስጠት ይችላል፤ ግን ያን ያህል ከሌላው ይቀንሳል። በ2018 ቁጥሩ 30 ተጫዋች፣ ጣሪያው 9.4 ሚሊዮን ሆነ። ዓላማው ሁለት ነው፦ ክለብ ከአቅሙ በላይ ከፍሎ እንዳይከስር፣ ሀብታሙም ኮከቦችን ሁሉ እንዳይሰበስብ። ከ2002 እስከ 2006 በተካሄዱት አምስት ውድድሮች አምስት የተለያዩ ክለቦች ዋንጫ አንሥተዋል፦ ሩስተርስ፣ ፔንሪዝ፣ ቡልዶግስ፣ ዌስትስ ታይገርስ፣ ብሪዝበን።

ቁጥጥሩ እንዲህ ነው የሚሄደው። ማንኛውም ውል ለሊጉ ተልኮ ይመዘገባል። ያልተመዘገበ ውል ዋጋ የለውም። በየዓመቱ የክለቡ ኃላፊዎች «ከዚህ ውጪ የከፈልነው የለም» ብለው በቃለ መሐላ ይፈርማሉ፤ ተጫዋቹና ወኪሉም እንደዚሁ። የሊጉ ኦዲተር የክለቡን መዝገብ ያገላብጣል። በጋሎፕ ዘመን ይህን ሥራ የያዘው ኢያን ሹበርት የሚባል የቀድሞ ተጫዋች ነበር።

አሁን ቀዳዳዎቹ፦

በመጀመሪያ የሦስተኛ ወገን ስምምነት አለ። አንድ የግል ድርጅት ተጫዋቹን ለማስታወቂያ ቢቀጥረው ክፍያው ከጣሪያው ውጪ ይታያል። ቅድመ ሁኔታው ክለቡ እጁን አለማስገባቱ ነው። ክለቡ ካደራደረ፣ «እነሱ ባይከፍሉህ እኔ እከፍልሃለሁ» ካለ፣ ወይም ድርጅቱ የክለቡ ስፖንሰር ከሆነ፣ ገንዘቡ ወደ ጣሪያው ይገባል። ጥሰት በብዛት የሚፈጠረው በዚች የዋስትና ቃል ነው። ለምሳሌ ያህል የ400,000 ተጫዋች ውሉ ላይ 300,000 ተጽፎ ይመዘገባል፤ የቀረው 100,000 በአንዲት ገጽ ደብዳቤ ቃል ይገባለታል፤ ደብዳቤዋ ሌላ መሳቢያ ውስጥ ትቀመጣለች። ኦዲተሩ የሚያየው የመጀመሪያውን ፋይል ብቻ ነው።

ከዚያ የተጋነነ ደረሰኝ ይመጣል። አቅራቢው የ20,000 ዕቃ አቅርቦ የ50,000 ደረሰኝ ይቆርጣል፤ ትርፉ 30,000 በአቅራቢው በኩል ለተጫዋቹ ይደርሳል። በመዝገቡ ላይ የሚታየው የዕቃ ግዢ ነው። መያዣው ቀላል ነው፦ የግዢ ዋጋውን ከሌሎች ክለቦች ዋጋ ጋር ማወዳደርና የዕቃውን ርክክብ ሰነድ መጠየቅ። ርክክብ የሌለው ደረሰኝ ሲገኝ ክሩን መሳብ ነው።

በዓይነት የሚሰጠውም አለ፦ ቤት ኪራይ፣ መኪና፣ የስጦታ ካርድ፣ ለቤተሰብ አባል የሚፈጠር የሥራ ቦታ። ሁሉም በገንዘብ ተተምኖ መቆጠር አለበት።

አራተኛው ሕገወጥ አይደለም፤ ክለብን የሚያንቀው ግን እሱ ነው። ለአራት ዓመት የሚፈርም ተጫዋች የመጀመሪያ ዓመቱ ዝቅ፣ የመጨረሻው ከፍ ተደርጎ ይጻፍለታል። ሦስት አራት ኮከቦች በአንድ ዓመት ላይ ክፍያቸው አብሮ ሲያብጥ ክለቡ ወይ ይሸጣል ወይ ያጭበረብራል።

ጋሽ_መኩሪያ

ልጆች፣ በርቱ። አንድ ነገር ልጠይቅ። በእኛም አገር በ2011 ዓ.ም. ለፕሪሚየር ሊግ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። ከዚህ ጋር ልዩነቱ ምንድነው? ጣሪያ ጣሪያ አይደል?

የኦዲት_ጠረጴዛ

ጋሽ መኩሪያ፣ ጥያቄዎ ነገሩን ፍንትው አድርጎ ያሳየዋል። ሁለቱ ጣሪያዎች ስማቸው አንድ ነው፤ አሠራራቸው ይለያያል።

የ50,000 ብሩ ጣሪያ በአንድ ሰው ላይ የተጣለ ነው። ገበያው አንድን አጥቂ 120,000 ካወጣው ክለቡ ሕጋዊ መንገድ የለውም፤ ቢፈልግ እንኳ ከሌላ ተጫዋች ቀንሶ ሊጨምርለት አይችልም። ስለዚህ ልዩነቱን ከውሉ ውጪ የመክፈል ፈተናው በእያንዳንዱ ጥሩ ተጫዋች ላይ ይመጣል። ሃብታሙና ድሃው ክለብ ለአንድ ተጫዋች እኩል ይከፍላሉ እንጂ ሃብታሙ ስንት ባለ50,000 እንደሚይዝ የሚገድበው የለም። የአውስትራሊያው ድምሩን ስለሚገድብ ክለቡ ለኮከቡ የገበያ ዋጋውን በግልጽ መስጠት ይችላል፤ ምርጫው «ማንን ልልቀቅ?» የሚል ይሆናል።

ሁለቱም የሚወድቁት ግን በአንድ ቦታ ነው። የተመዘገበውን ውል ከባንክ ሒሳቡ ጋር የሚያስተያይ፣ የአቅራቢን ደረሰኝ የመጠየቅ ሥልጣን ያለው፣ ከክለቦች ደመወዝ የማይቀበል መርማሪ ከሌለ ጣሪያው ወረቀት ላይ ይቀራል።

ጋሽ_መኩሪያ

ገባኝ፤ ተባረክ። ታዲያ ሲያጭበረብሩ የተገኙት ምን ተደረጉ?

ባለ13

ጋሽ መኩሪያ፣ የጋሎፕ ስም የተሠራውም የተጠላውም እዚያ ላይ ነው።

ኦገስት 2002፦ ካንተርበሪ ቡልዶግስ የደረጃ ሰንጠረዡን እየመራ፣ በተከታታይ 17 ጨዋታ አሸንፎ ነበር። ሲድኒ ሞርኒንግ ሄራልድ ጋዜጣ ክለቡ ጣሪያውን በከፍተኛ መጠን እንደጣሰ አጋለጠ። ጋሎፕ በወንበሩ ላይ ገና ጥቂት ወራት ቢሆነው ነው። 37 ነጥብ ቀነሰበት፣ 500,000 ዶላር ቀጣው። በራግቢ ሊግ ድል 2 ነጥብ ነው፤ 37 ነጥብ ማለት ከ18 ጨዋታ በላይ ድል ተሰረዘ ማለት ነው። ዋንጫ ሊያነሣ የነበረ ክለብ በ15 ቡድኖች ውድድር መጨረሻ ሆነ።

ለምን ገንዘቡ ብቻ አልበቃም? የገንዘብ ቅጣት ለሃብታም ክለብ የወጪ መደብ ነው። «ዋንጫውን እንውሰድ፣ ቅጣቱን እንከፍላለን» ብሎ ማስላት ይቻላል። ነጥብ ግን ከዋንጫው ይቀነሳል፤ የተጭበረበረበት ጥቅም ራሱ ይወሰዳል። ከዚያ በፊት የነበሩት ቅጣቶች በአብዛኛው የገንዘብ ስለነበሩ ክለቦች አልፈሩም።

በ2006 ደግሞ ኒውዚላንድ ዎሪየርስ ውድድሩን ከዜሮ በታች በ4 ነጥብ እንዲጀምር ተደረገ። ቡልዶግስ በበኩሉ ቤቱን አጽድቶ በ2004 ዋንጫውን በሕጋዊ መንገድ በላ።

ናቲ_ሜልበርን

የሜልበርን ስቶርምን ነገር ሳታነሡ ልታልፉ አይደለም መቼም! በ2010 የተፈጸመው ግፍ ነው። የ2007 እና የ2009 ዋንጫ ተነጠቀ፣ ከ2006 እስከ 2008 በሰንጠረዡ አንደኛ የሆነባቸው ሦስቱ ክብሮች ተነጠቁ፣ 1.689 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፣ የቀረውን የውድድር ዘመን ደግሞ ያለ ነጥብ ተጫወተ። ካሜሮን ስሚዝ፣ ቢሊ ስሌተር፣ ኩፐር ክሮንክ በሜዳ ላይ ያሸነፉትን የቢሮ ሰው በወረቀት ወሰደባቸው። ወረቀቱን ያጭበረበሩት ሥራ አስኪያጆች ናቸው፤ ተጫዋቹ ምን በደለ?

የኦዲት_ጠረጴዛ

ናቲ፣ ስሜትህ ይገባኛል፤ ግን ቁጥሩን እንይ። ክለቡ ሁለት ዓይነት ፋይል ነበረው፦ ለሊጉ የሚላከው ውልና ተለይቶ የተቀመጠ የጎን ደብዳቤ። በኋላ ዲሎይት የተባለው የኦዲት ድርጅት ባደረገው ምርመራ በአምስት ዓመት ውስጥ የተላለፈው 3.17 ሚሊዮን ገደማ ሆኖ ተገኘ። መጀመሪያ ላይ ከተነገረው 1.7 ሚሊዮን እጥፍ ማለት ይቻላል። የአንድ ዓመት ጣሪያ 4.1 ሚሊዮን በሆነበት ጊዜ ይህ ሁለት ወይም ሦስት ኮከብ በተጨማሪ መያዝ ማለት ነው። ስሚዝን፣ ስሌተርን፣ ክሮንክንና ግሬግ ኢንግሊስን አንድ ላይ ያቆየው ይህ ገንዘብ ነው። ለዚህ ነው ክለቡ ከጣሪያው በታች መውረድ ሲገደድ ኢንግሊስ ወደ ሳውዝ ሲድኒ የሄደው።

በእነዚያ ዓመታት ጣሪያውን አክብሮ ኮከቡን የለቀቀ ክለብ ነበር። የዚያ ክለብ ተጫዋችም በሜዳ ላይ ላቡን ነው ያፈሰሰው። ዋንጫው ለስቶርም ቢተው የተበደለው እሱ ይሆን ነበር።

ናቲ_ሜልበርን

ቁጥሩን አልክድም። አካሄዱ ግን? ከሳሽም ዳኛም አንድ ሰው!

ውል_አዋቂ

ናቲ እዚህ ላይ ልክ ነው፤ እኔም የጋሎፕ ትልቁ ድክመት የምለው ይህንን ነው።

ኤፕሪል 22 ቀን 2010 ክለቡ ጥፋቱን እንዳመነ ጋሎፕ ቅጣቱን ወዲያው በጋዜጣዊ መግለጫ አወጀ። ደንቡ ሥልጣን ይሰጠዋል። ነገር ግን ሙሉ መጠኑ ሳይታወቅ፣ ለክለቡ መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ሳይሰጥ ነው። በዚያ ላይ ኒውስ ሊሚትድ ያኔ የስቶርም ባለቤት ነበር፤ የሊጉም የግማሽ ባለቤት ነበር። በስቶርም ቦርድ የነበሩት አራት ገለልተኛ ዳይሬክተሮች ሊጉን ሊከሱ ተነሡ፤ ባለቤቱ ከቦርዱ አነሣቸው፤ ክሱም በዚያው ቀረ። ቅጣቱ ትክክል ቢሆን እንኳ ተቀጪው በገለልተኛ ፊት አልተሰማም።

ከ2016 ጋር አወዳድሩት። ዋና ሥራ አስፈፃሚው ቶድ ግሪንበርግ ነበር፤ ተከሳሹ ፓራማታ። ሜይ 3 የመጀመሪያ ግኝትና የታሰበው ቅጣት ተገለጸ። ክለቡም ስማቸው የተነሣው አምስት ኃላፊዎችም በጽሑፍ መልስ የሚሰጡበት ጊዜ ተሰጣቸው። በመካከሉ ክለቡ በ570,000 ዶላር ከጣሪያው በላይ ስለነበር ያን እስኪያስተካክል ነጥብ አይቆጠርለትም ተባለ። የመጨረሻው ውሳኔ ጁላይ 9 ወጣ፦ 12 ነጥብ፣ 1 ሚሊዮን ዶላር፣ የዚያ ዓመት የናይንስ (በዘጠኝ ዘጠኝ ተጫዋች የሚደረግ አጭር ውድድር) ዋንጫ ተነጠቀ። ዘዴው ያው የተጋነነ ደረሰኝ ነበር። ከሁለት ወር በላይ ፈጀ፤ ፍርድ ቤት ሲደርስ የሚቆመው ግን እንዲህ ያለው ውሳኔ ነው።

የሊግ አስተዳዳሪ ለመሆን የሚያስብ ሰው ቅደም ተከተሏን ይያዛት፦ ሰነዱን አሽግ፣ የጥሰት ማስታወቂያ በጽሑፍ ስጥ፣ ማስረጃውን አሳይ፣ የመልስ ቀን ቁረጥ፣ መልሱን ነጥብ በነጥብ መዝን፣ ከዚያ ወስን። አንዷን ከዘለልክ ጥፋተኛው በሥርዓት ጉድለት ያመልጥሃል።

ሰላማዊት_ሲ

በጣም ጥሩ። ጋሎፕ ታዲያ በዚህ ሁሉ ጠንክሮ ለምን በ2012 ተሰናበተ? አንዳንዱ «ተባረረ» ይላል፣ አንዳንዱ «በስምምነት ለቀቀ»።

ባለ13

የተነገረው «በጋራ ስምምነት» የሚል ነው። ቀኑ ጁን 5 ቀን 2012። እውነተኛው ምክንያት በመዋቅሩ ውስጥ ነው።

እስከ 2012 ድረስ ጋሎፕ የክለቦቹን ውድድር ብቻ ነበር የሚመራው። ትልቁ የገቢ ምንጭ፣ በኒው ሳውዝ ዌልስና በኩዊንስላንድ መካከል የሚደረገው ስቴት ኦፍ ኦሪጂን፣ በሌላው አካል በአውስትራሊያ ራግቢ ሊግ እጅ ነበር። የብሔራዊ ቡድኑም እንዲሁ። ሁለቱ ክፍለ ግዛቶች ደግሞ የየራሳቸው ቦርድ አላቸው። ስለዚህ የቴሌቪዥን መብት ሲሸጥ ሻጮቹ ብዙ ነበሩ። ገዢውስ? በክፍያ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ድርሻ ያለው ኒውስ ሊሚትድ የሊጉ ባለቤትም ነው። ሻጭና ገዢ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ። የመጀመሪያና የመጨረሻ ዋጋ የማቅረብ መብት ስለነበረውም ሌላ ተጫራች ዋጋውን ከፍ የሚያደርግበት ምክንያት አልነበረውም። በዚያ ሁኔታ የተገኘው ውል ከ2007 እስከ 2012 ለስድስት ዓመት 500 ሚሊዮን ገደማ ነው። የአውስትራሊያ ደንብ እግር ኳስ (ከእኛ እግር ኳስ የተለየ ሌላ ስፖርት) በተቀራራቢ ጊዜ ለአምስት ዓመት 780 ሚሊዮን አግኝቷል።

ክለቦቹ «ገለልተኛ ኮሚሽን ይቋቋም» አሉ። ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2012 ተቋቋመ፤ ስምንት ኮሚሽነሮች፣ ሊቀመንበሩ ጆን ግራንት። ኒውስ ከባለቤትነቱ ወጣ። በኦገስት ለአምስት ዓመት 1.025 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ የቴሌቪዥን ውል ተፈረመ። ጋሎፕ ግን ያኔ ሄዷል፤ ኮሚሽኑ ከተቋቋመ አራት ወር ሳይሞላ። አዲሶቹ ሹሞች የፈለጉት ገበያ የሚያሰፋ፣ ቀድሞ የሚንቀሳቀስ ሰው ነው። እሱ ለአስር ዓመት ሲሠራ የኖረው ደግሞ ሁለት የተጣሉ ባለቤቶችን እያስታረቀ እሳት ማጥፋት ነበር። ያ ችሎታ የተፈለገው ባለቤቱ ሁለት ስለነበረ ነው፤ ባለቤቱ አንድ ሲሆን ቀድሞ የጠቀመው ጠባይ እንደ ጉድለት ታየበት። ከዚያ ወደ አውስትራሊያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ሄዶ እስከ 2019 በዋና ሥራ አስፈፃሚነት ሠራ።

ጋሽ_መኩሪያ

በእኛ ዘንድ ይድነቃቸው ተሰማ ከተጫዋችነት ተነሥተው እስከ አፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንትነት ደርሰዋል፤ ከ1972 እስከ 1987 መርተዋል። ሜዳውን ስለሚያውቁት ይመስለኛል ቃላቸው የከበደው። ጠበቃ ብቻ ይበቃል ትላላችሁ? ልጅ ወደዚህ ሙያ ልላክ ብል በየት በኩል ነው የሚገባው?

ባለ13

ጋሽ መኩሪያ፣ በራግቢ ሊግ የሚታዩት በሮች እነዚህ ናቸው።

አንደኛው የክለብ ሥራ አስኪያጅነት ነው። አርተርሰን ለማንሊ ተጫውተው፣ አሠልጥነው፣ ለዓመታት የክለቡ ጸሐፊ ሆነው ነው ወደ ላይ የወጡት። ግሪንበርግም የቡልዶግስ ዋና ሥራ አስፈፃሚ ነበር፤ ከዚያ የሊጉ የጨዋታ ክፍል ኃላፊ፣ በ2016 ዋናው። በዚህ በር የገባ ሰው የክለብን ደሞዝ መክፈያ ቀን ጭንቀት ያውቃል። ችግሩ ሌሎቹ ክለቦች ለቀድሞ ክለቡ ያደላል ብለው መጠርጠራቸው ነው።

ሁለተኛው ሕግና ሒሳብ፦ ጋሎፕ።

ሦስተኛው ከውጭ ንግድ የሚመጣ። ከጋሎፕ በኋላ የተሾመው ዴቭ ስሚዝ የዌልስ ተወላጅ የባንክ ሰው ነበር፤ ከ2013 እስከ 2015 ቆየ። የቢሮውን አደረጃጀት አጠነከረ፣ ከክለቦች ጋር ግን አልተዋደደም።

አራተኛው ከሌላ ስፖርት አስተዳደር። ከኦክቶበር 2019 ጀምሮ የኮሚሽኑ ሊቀመንበር የሆነው ፒተር ቭላንዲስ የኒው ሳውዝ ዌልስን የፈረስ እሽቅድምድም ከ2004 ጀምሮ የሚመራ ነው። ማርች 23 ቀን 2020 ውድድሩ በኮቪድ ሲቋረጥ ሜይ 28 እንደገና እንዲጀመር ቀን ቆርጦ አስጀመረ። የውድድሩን ዙር ከ25 ወደ 20 አሳጥረው፣ ተጫዋቾችን ከሕዝብ ለይተው ነው ያስኬዱት። የመጀመሪያው ጨዋታ ብሪዝበን ከፓራማታ ነበር፣ 34 ለ 6 ፓራማታ አሸነፈ። የቴሌቪዥን ገንዘብ የሚመጣው ጨዋታ ሲኖር ነው፤ ብዙዎቹ ክለቦች ደግሞ ያለ ሊጉ ድጎማ ጥቂት ወር አይቆሙም። ፍጥነቱ ከዚህ የመጣ ነው።

ስለ ይድነቃቸው ያሉት ትክክል ነው፤ ሜዳውን ማወቅ ቃልን ያከብዳል። በውል ክርክር ግን ስቴዲየም ሙሉ ጭብጨባ አንድ አንቀጽ አይተካም። ልጁ ሕግ ወይም ሒሳብ ያጥና፣ እየተማረም በአንድ ክለብ የተጫዋች ምዝገባ ላይ ይሥራ። የምዝገባ ቀነ ገደብ፣ የጤና ምርመራ ወረቀት፣ የመድን ውል፣ የዝውውር ፈቃድ እዚያ ይታወቃል። ከዚያ ወደ ውድድር መርሐ ግብር ክፍል።

ውል_አዋቂ

የእንግሊዙን ሞሪስ ሊንዚንም እንዳንረሳ። ከዊጋን ክለብ ተነሥቶ በ1992 የራግቢ ፉትቦል ሊግን፣ የስፖርቱን የእንግሊዝ አስተዳዳሪ አካል፣ ጨበጠ። ኤፕሪል 1995 ከመርዶክ ኒውስ ኮርፖሬሽን ጋር 87 ሚሊዮን ፓውንድ የሚያወጣ የአምስት ዓመት ውል ይዞ መጣ፤ መቶ ዓመት በክረምት (በእንግሊዝ የብርድ ወራት) የኖረው ጨዋታ ከ1996 ጀምሮ ወደ በጋ (ወደ ሞቃቱ ወራት) ተዛወረ። ሥራው ሁሉ በቀናት ውስጥ ነው የተጣደፈው። አብሮት የመጣው የውሕደት ዕቅድ ካስልፎርድን፣ ዌክፊልድንና ፌዘርስቶንን «ካልደር» በሚባል አንድ ክለብ ሊያጠፋ ነበር። ደጋፊው በየሜዳው ተነሣበት፤ ዕቅዱ ተሰረዘ፣ ገንዘቡና የበጋው ውድድር ግን ቀሩ። ፓሪስ የተተከለው ክለብ የመክፈቻውን ጨዋታ ማርች 29 ቀን 1996 ሼፊልድን 30 ለ 24 አሸንፎ ጀመረ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ፈረሰ። ታዳጊ ቡድን፣ የአካባቢ ተጫዋች፣ የራሱ ሜዳ ሳይኖረው ስለተተከለ ነው።

ሰላማዊት_ሲ

የመጨረሻ ጥያቄ፦ ከስቶርም የተነጠቁት ዋንጫዎች ለማን ተሰጡ? በ2007 በፍጻሜው የተሸነፈው ማንሊ ነው፣ በ2009 ፓራማታ።

የኦዲት_ጠረጴዛ

ለማንም አልተሰጡም። በመዝገቡ ላይ የሁለቱ ዓመታት አሸናፊ ቦታ ባዶ ነው። ፍጻሜው 34 ለ 8 እና 23 ለ 16 ማለቁ እንዳለ ተጽፏል፤ የሻምፒዮኑ ስም ግን የለም። ለሁለተኛው ይሰጥ ያሉ ነበሩ። ችግሩ ማንሊ ወይም ፓራማታ ያለ ስቶርም ቢጫወቱ ያሸንፉ ነበር ብሎ ማረጋገጥ አለመቻሉ ነው፤ በግማሽ ፍጻሜና ከዚያ በፊት በስቶርም የተሸነፉ ሌሎች ክለቦችም የዚያኑ ያህል መብት አላቸው። የተቀማው የሽልማት ገንዘብ ግን 1.1 ሚሊዮኑ ለሌሎቹ 15 ክለቦች እኩል እንዲከፋፈል ተወስኗል፤ ለእያንዳንዱ 73,000 ገደማ።

ናቲ_ሜልበርን

ይሄን አላውቅም ነበር። ቅጣቱን አሁንም ከባድ ነው እላለሁ፤ ዋንጫው ለማንሊ አለመሰጠቱ ግን ተገቢ ነው።